ጋሽ ሸምሱና የወገብ ቀበቶው

ሙዘይን ረፋድ ላይ ሲደውልልኝ ወልቂጤ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ቁጥሩን አላወቅሁትም፤ ማን ልበል አልኩ። ስሙን ሲነግረኝ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሣሁ። ቡታጅራ ውስጥ አንድ ሕንጻ ላይ ፌሮ፣ የአርማታ ብረት፣ ያስር የነበረው ሙዘይን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም፤ በምን እንደተለያየን ግን ሁለታችንም አልረሳንም። ሰላምታውን አሳጠረና ጋሽ ሸምሱ ትናንት ጠዋት ማረፋቸውን፣ ከሰዓት በኋላ መቀበራቸውን ነገረኝ።

«ቁጥርህን ከስልካቸው ላይ ነው ያገኘሁት» አለ። «እንድታውቅ ብዬ ነው እንጂ ና ለማለት አይደለም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም አልተቀመጥኩም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምን ሆንክ ስትለኝ ሰው ሞተብኝ አልኳት። ዘመድ ነው ወይ አለችኝ። አይደለም አልኩ።

ጋሽ ሸምሱን ያወቅኋቸው ኢሕአዴግ ሕዝቡን አንድ ለአምስት በሚያደራጅበት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካይዘን ስለሚሉት የጃፓን አሠራር የሚያወራ ወረቀት በሚለጠፍበት ዘመን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ያጣሁበት ዓመት ስለነበር፣ ያስተማረን አንድ ዶክተር ለምርምሬ ረዳት እፈልጋለሁ ሲለኝ ምን ዓይነት ምርምር ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። የግንባታ ሠራተኞች ሲሠሩ ሰውነታቸው እንዴት እንደሚጎብጥ በመሣሪያ መከታተል ነበር። የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ሁለት መሣሪያዎች በሰፊ ቀበቶ ይታሰሩና አንዷ ወገብ ላይ፣ ሌላዋ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ትቀመጣለች። ቀበቶዋ ጀርባው ምን ያህል እንደጎነበሰና በዚያ ሁኔታ ምን ያህል እንደቆየ ትመዘግባለች። ሰውየው አጎንብሶ ከልክ በላይ ከቆየ እንደ ስልክ ትነዝራለች፤ ቀና በል ማለቷ ነው። ሥራ ሲያበቃ እኔ ቀበቶዎቹን ሰብስቤ ከላፕቶፕ ጋር አገናኛቸዋለሁ። የእያንዳንዱ ሰው ቀን በቀይና በአረንጓዴ መስመር ተስሎ ይወጣል። ቀዩ መጎንበስ፣ አረንጓዴው ቀና ማለት ነው።

ዓላማው ክፉ አልነበረም። ዶክተሩ በእርግጥ የሠራተኛውን ወገብ ማዳን ይፈልግ ነበር፤ እኔም ያንን አምኜ ነው ሃያ ቀበቶ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ቡታጅራ የወረድኩት።

ሕንጻው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የሚሠራ፣ አምስት ፎቅ ይሆናል የተባለ የንግድ ቤት ነበር። ኮንትራክተሩ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ሁልጊዜ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ዘመናዊ ነገር ሳይቴ ላይ ቢታይ ደስ ይለኛል ብሎ ፈቀደልን። ሠራተኞቹ ግን አልወደዱትም። በዚያ ዘመን ሰው አጠገቡ ከተቀመጠውም ሰው ይጠነቀቅ ነበርና፣ ይሄ ነገር የምንናገረውን የሚቀዳ ነው አሉ። አንዱ አንዱን እያየ ሁሉም ወደ ኋላ አለ። ሙዘይን፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጉልበተኛ፣ እኔ እንኳን ቀበቶ ክታብም አላሥርም ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

ያኔ አንድ አጠር ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ጉጠታቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ መጡ። እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ልክ እንደሚፈተሽ ሰው።

«እኔን እሰረኝ» አሉ። «የምደብቀው ወገቤን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ሚስቴም ታውቀዋለች።»

ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ። ሙዘይን የመጨረሻው ነበር። ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ስማችሁ የትም አይጻፍም፣ ከእኔ በቀር ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም አልኳቸው። ጋሽ ሸምሱ ዘጠኝ ቁጥር ሆኑ። ቀበቶዋን ሠራተኞቹ ካይዘኗ ይሏት ጀመር።

ጋሽ ሸምሱ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ያለ የመስቃን ገጠር ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው ፌሮ ማሰር ተማሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት ሌላ ሥራ አልሠሩም። የጣቶቻቸው ጫፍ ከዝገት የተነሣ ጠቁሮ ታጥቦ አይጠራም። ነጭ ቆባቸውን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይይዛሉ፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ አውጥተው በጉልበታቸው ላይ መታ መታ ያደርጉና ያጠልቁታል። አማርኛቸው የመስቃን ቅላጼ ያለው ነው፤ ቀስ ብለው ስለሚናገሩ ሰው ቀድሞ ሊጨርስላቸው ይሞክራል፤ እሳቸው ግን ያሰቡትን ሳይጨርሱ አያቆሙም።

አርማታ ከመሞላቱ በፊት የሚያደርጉት ነገር ነበራቸው። ጫማቸውን አውልቀው በታሰረው ብረት ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱን ማሠሪያ በእግራቸው ጫን እያሉ። አንድ ቀን አርማታ የሚያቦካው ሚክሰር መዞር ከጀመረ፣ በባሬላ የሚሸከሙት ሴቶች ከተሰለፉ በኋላ፣ በረንዳው ጥግ ሁለት ብረት ጎድሏል ብለው ሥራውን አስቆሙ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ተቆጣ። ማን ያየዋል አላቸው። አርማታው ከፈሰሰበት በኋላ ማንም እንደማያየው፣ ለዚህም ነው አሁን ማየት ያለብን ብለው መለሱለት፤ ሁለቱን ብረት ራሳቸው አምጥተው እስኪያስሩ ሁሉም ቆሞ ጠበቃቸው። እዚያ በረንዳ ላይ ዛሬ ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ።

ቀበቶዋ በመጀመሪያው ሳምንት አሰቃየቻቸው። ፌሮ የሚያስር ሰው ቀኑን ሙሉ እግሩ አጠገብ ካለ ብረት ጋር ነው የሚውለው። በነዘረች ቁጥር ቀና ይላሉ፤ ቀና ባሉ ቁጥር ሥራው ይቆማል። ላፕቶፑ ላይ የሳቸው መስመር ከሌሎቹ ሁሉ ቀይ ነበር። አሳየኋቸው። መነጽር ስላልነበራቸው ፊታቸውን አቅርበው አዩት።

«ይቺ ቀና በል ትለኛለች» አሉ። «ብረቱ ጎንበስ በል ይለኛል። የምበላው ደግሞ ከብረቱ ነው። አንተ የተማርከው፣ የማንን ልስማ?»

ነገ ጠዋት ቀበቶዋን አንተ እሰራትና አብረኸን ዋል አሉኝ። ዋልኩ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ወገቤ አልቀና አለኝ። ጋሽ ሸምሱ በሰፊ መዳፋቸው ጀርባዬን ወደ ታች እየጠረጉ አቆሙኝ፤ ልጆቻቸው ሲታመሙ የሚያደርጉት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀትና ላፕቶፕ ይዤ ስቀርብ ሠራተኞቹ ዓይናቸውን ከእኔ አላሸሹም።

ጋሽ ሸምሱ ግን የጠየቁኝን ጥያቄ ራሳቸው ሊመልሱት ተነሡ። ከተጣለ ቁርጥራጭ ብረት ረጅም መንጠቆ ሠሩ፤ ጫፉን በእሳት አግለው ቆለመሙት፣ ለእጀታው ባሕር ዛፍ ሰኩበት። ሰው ቆሞ፣ ቀድሞ የታጠፈውን ሽቦ በመንጠቆው ይዞ እንዲጠመዝዝ ነው። የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛው ሽቦውን በጠሰ። ሦስተኛው ሠራ። ያን ቀን ቆመው ሲያስሩ ዋሉ፤ መሣሪያዋ ጸጥ አለች። መስመራቸው አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ጠርቼ አሳየኋቸው። በማግስቱ ለሙዘይንና ለሌሎች ሁለት ሰዎች ሠሩላቸው። ለዶክተሩ ደወልኩለት፤ በስልክ ውስጥ ደስታው ይሰማኝ ነበር።

ደስታው አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን ኮንትራክተሩ መጥቶ ሰዓቱን እያየ አጠገባቸው ቆመ። በጉጠት የሚያስረውን አንዱን ሰው፣ በመንጠቆ ከሚያስሩት ከጋሽ ሸምሱ ጋር አስተያየ። መንጠቆው ይዘገያል። እጅ እስኪለምደው ነው፣ አንድ ወር ስጠኝ አሉት ጋሽ ሸምሱ። ኮንትራክተሩ አንድ ወር እንደሌለው ነገራቸው፤ አራቱንም መንጠቆ ሰብስቦ ወደ ቁርጥራጩ ክምር አስጣላቸው። ለዶክተሩ ስነግረው እኛ ተመልካች ነን፣ ሥራቸው ውስጥ ከገባን ፈቃዱን እናጣለን አለኝ። እሺ አልኩ። የመጀመሪያው እሺታዬ ይህ ነው።

ሁለተኛው ከአንድ ወር ያህል በኋላ መጣ። ኮንትራክተሩ ቢሮው ጠራኝና፣ በየሳምንቱ በቁጥር ብቻ የሚደርሱት መስመሮች የማን የማን እንደሆኑ የሚያሳይ ዝርዝር እንድሰጠው ጠየቀኝ። ቃል ገብቻለሁ አልኩት። እንግዲያው ቀበቶህን ሰብስብና ሂድ አለኝ። ዶክተሩ ለስብሰባ ውጭ አገር ነበር፤ ሁለት ቀን ስልክ ሞከርኩ፣ አላገኘሁትም። የደከሙትን ወደ ቀላል ሥራ ያዞራቸው ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በእጄ ጽፌ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠሁት።

ሰኞ ጠዋት ስድስት ሰዎች ከበር ላይ እንዲመለሱ ተደረገ። ወገባቸው የተበላሸ ሰዎች ናቸው፣ ሳይቴ ላይ ቢወድቁ የምጠየቀው እኔ ነኝ ተባለ። ሙዘይን አንዱ ነበር። ከባዱን ሥራ ሁሉ እሱ ስለሚይዝ መስመሩ ቀይ ነበር። በሩ ላይ አገኘኝ፤ አልሰደበኝም። አይቶኝ ብቻ አለፈ።

ጋሽ ሸምሱ ከስድስቱ ውስጥ አልነበሩም። መንጠቆው ከተወሰደባቸው በኋላ መስመራቸው ለጥቂት ቀን ቀልቶ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆኗል። እኔ ሰውነታቸው ቀና ማለትን የለመደ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። ኮንትራክተሩም ያንን አይቶ ሠራተኛውን ሰበሰበና ጋሽ ሸምሱን ፊት አቆማቸው። እኚህ ሽማግሌ በዚህ ዕድሜያቸው ቀና ብለው ከሠሩ እናንተ ምን ሆናችሁ አለ። ጋሽ ሸምሱ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳ ሲሆን አብሯቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ሌሎቹ ጥላው ሥር ተሰብስበው ሲበሉ እሳቸው ሲሚንቶ ማከማቻው ጎን ብቻቸውን ቆጯቸውን ከፌስታል አውጥተው ይቆርሱ ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ አንተም አትምጣ፣ ይብስብኛል አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት፣ ኮንትራክተሩ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጋሽ ሸምሱ ስሜን ጠርተው ና አሉኝ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። እሳቸው ብሎኬት ላይ ተቀመጡና ሱሪያቸውን ወደ ላይ መጠቅለል ጀመሩ። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ቀስ እያሉ አላቀቁት። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው አብጠዋል። ቆዳው ጠቁሮ ፈንድቷል፤ በእብጠቱ ላይ የፌሮው ሸንተረር ታትሟል። ተንበርክከው፣ ተረከዛቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን እንደ ግንብ አቁመው ነበር ያ ሁሉ ቀን የሠሩት።

«ማሽንህ ወገቤን አየ እንጂ ጉልበቴን አላየም» አሉኝ። «ቀና ብዬ አይደለም የሠራሁት። ተንበርክኬ ነው።»

ከዚያ ወደ ኮንትራክተሩ ዞረው፣ የተባረሩት ስድስቱ ከሳቸው የተሻሉ ጤነኞች መሆናቸውን፣ ወገብ እየታየ ሰው የሚባረር ከሆነ መጀመር ያለበት ከሳቸው እንደሆነ ነገሩት። አታላይ ነበርኩ፣ እነሱ ግን ደህና ሠራተኞች ናቸው፣ መልሳቸው አሉት። ድምፃቸው አልጮኸም። ኮንትራክተሩ ጉልበታቸውን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ። ክሊኒክ ይሂዱ፣ ሲድኑ ይመለሳሉ አለና ደረጃውን ወረደ። ስድስቱ አልተመለሱም፤ ጋሽ ሸምሱም እንደዚያው። በሁለተኛው ቀን በየጠዋቱ በር ላይ ቆመው ሥራ ከሚጠብቁት መካከል በምትካቸው ሰባት ሰው ገባ።

ጋሽ ሸምሱ ከመሄዳቸው በፊት ቀበቶዋን ራሳቸው ፈትተው፣ አቧራዋን በእጅጌያቸው ጠርገው ሰጡኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አቋረጡኝ። ያየኸውን ጻፈው አሉኝ፤ ቀበቶዋን ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ላይ ሲያስሯት ጉልበቱንም እንዲያዩለት። እጽፋለሁ አልኩ።

አልጻፍኩም። ዶክተሩ ሲመለስ ሁሉን ነገርኩት። እሱ ግን ዘጠኝ ቁጥርን ካወጣነው የሚቀረን ሰው ያንሳል፣ ጊዜውም አልቋል፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምርበት አለኝ። ጨመርኩ። ጥናቱ አዲስ አበባ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ መድረኩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። የጋሽ ሸምሱ አረንጓዴ መስመር ግድግዳውን ሞልቶ ታየ፤ መሣሪያው ሲያስታውሰው ሠራተኛ ልማዱን እንደሚያርም ማስረጃ ሆኖ። አንዲት ሴት ከኋላ እጇን አውጥታ ፌሮ የሚያስር ሰው እንዴት ቀና ብሎ መሥራት ቻለ ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በአዳራሹ ውስጥ መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«በልምምድ» አልኳት።

አጨበጨቡ። ወልቂጤ ያለውን ሥራዬን ያገኘሁት በዚያ ጥናት ነው።

ጋሽ ሸምሱ ለዒድም ለእንቁጣጣሽም ይደውሉልኝ ነበር። እናቴን ይጠይቁኛል፤ ሥራ እንዴት ነው ይሉኛል። ስለ ጉልበታቸው ስጠይቃቸው አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ። እመጣለሁ እላቸዋለሁ። ከወልቂጤ ቡታጅራ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ የሚቻልበት መንገድ ነው፤ አንድም ቀን አልሄድኩም። ባለፈው ዒድ ሳይደውሉ ሲቀሩ ረስተውኝ ነው ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አለኝ።

የሞታቸውን ወሬ በሰማሁ ማግስት በመጀመሪያው መኪና ተነሣሁ። ቡታጅራ ወርጄ በባጃጅ፣ ከዚያም በእግር ሄድኩ። ሙዘይን የለቅሶው ዳስ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። እጁን አልዘረጋልኝም፤ ጎኑ ቦታ ለቀቀልኝና ተቀመጥኩ። ሳልጠይቀው ነገረኝ። ጋሽ ሸምሱ ትንሽ ሻል ሲላቸው በየሳይቱ በር ሄደው ቆመዋል፤ አካሄዳቸውን እያየ የሚመልሳቸው እንጂ የሚያስገባቸው አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ተስፋ ስላልቆረጡ ከፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ እየገዙ በየቀኑ ይውጡ ነበር፤ እንዳያነክሱ። ኪኒኑ ኩላሊታቸውን ጨረሰው። ሐኪሙ ሲነግራቸው ጊዜው አልፎ ነበር። መስጊድ ውስጥ ተንበርክከው መስገድ አቅቷቸው በመጨረሻው ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሰግዱት።

ሙዘይን አስከሬናቸውን ካጠቡት አንዱ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«እግራቸው አልዘረጋ አለን» አለ። «እንደታጠፈ ነው የቀበርናቸው።»

ሴቶቹ ወዳሉበት ገባሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ምንጣፍ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስሜን ስነግራቸው አወቁኝ። ሸምሱ ስለ አንተ ያወራ ነበር፣ ልጅ ነው፣ እሱ ምን ያድርግ ይል ነበር አሉኝ። እዚያው ፊታቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝርዝሩን የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ ጻፍ ያሉኝን አለመጻፌን፣ አዳራሹን፣ ለሴትየዋ የመለስኩትን። ስጨርስ ሸምሱ ይህን ያውቅ ነበር ወይ አሉኝ። አያውቁም አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ።

«ለሱ ብትነግረው ኖሮ ጥሩ ነበር» አሉ። «ጉልበቴ ለምንም ሳይጠቅም ቀረ እያለ ነው የሞተው። አሁን ለእኔ የምትነግረኝ ምን እንዳደርግበት ነው?»

ከኋላዬ ጎረቤቶች ምሳ ይዘው ይገቡ ነበር፤ አንዲት ሴት የእጅ ውሃ ይዛ ከፊቴ ጎንበስ አለች። እትዬ ዘይነባ ከሩቅ የመጣ ነው፣ አስቀድሙለት አሏት። እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ፈሰሰበት። ታጠብኩና በላሁ።